የአካባቢ ምክር ቤቶች ለሕዝብ መዝናኛና ለባህል ተቋማት የሚሰጡት ድጋፍ

መግቢያ

የአንድ ሰፈር ሕዝብ ከሥራና ከትምህርት ውጭ ያለውን ጊዜ የት ያሳልፋል የሚለው ጥያቄ በብዙዎች ዘንድ ከትምህርት ጉዳይ ተለይቶ ይታያል። ይሁን እንጂ ልጅ በትምህርት ቤት የሚውለው የቀኑን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። በተለይም በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያሳልፋል። ወላጆቹ ለሥራ በወጡበት፣ ቤቱም ጠባብ በሆነበት ሁኔታ የሚቀረው ምርጫ መንገድ ዳር፣ ፑል ቤት ወይም ጫት ቤት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በአቅራቢያው የንባብ ክፍል፣ የኳስ ሜዳና የሙዚቃና የትያትር መለማመጃ አዳራሽ ቢኖር፣ ያ ግማሽ ቀን በክፍል ውስጥ የተማረውን የሚያጠናክርበት ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ እነዚህ ተቋማት ለሥርዓተ ትምህርቱ ተጓዳኝ እንጂ ትርፍ ጌጥ አይደሉም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ለእንዲህ ዓይነቶቹ ተቋማት የሚሰጡት ድጋፍ በምን መልክ ቢደራጅ ዘላቂ ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ነው። ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ሕንጻ መሥራት የድጋፍ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ተቋሙን የሚያኖረው ከምረቃው ቀን በኋላ በየዓመቱ የሚመደብለት ገንዘብ፣ ተጠያቂ የሆነ ኃላፊና የተጠቃሚው ሕዝብ ተሳትፎ ነው።

1. ታሪካዊ አመጣጥ

በኢትዮጵያ ሕዝብ በጋራ የሚዝናናበት ስፍራ ከዘመናዊ አስተዳደር በፊት የነበረ ነው። የገና ጨዋታ፣ የፈረስ ጉግስና የትግል ውድድር የሚካሄዱት ማንም በግሉ ሊይዘው በማይችለው የመንደር ሜዳ ላይ ነበር። በአዲስ አበባም ጃን ሜዳ የጥምቀት በዓል ማክበሪያና የስፖርት ሜዳ ሆኖ ለረዥም ዘመን አገልግሏል። በእነዚህ ስፍራዎች ሜዳውን የጠበቀው ልማድ እንጂ በጀት አልነበረም።

ዘመናዊዎቹ የባህል ተቋማት የተጀመሩት በዋና ከተማው ነው። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1936 ዓ.ም. የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር ተብሎ የሚጠራው ትያትር ቤት ሥራ ጀመረ። እነዚህ ተቋማት ለአገሪቱ ኪነ ጥበብ ያበረከቱት አስተዋጽኦ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ በእግሩ ደርሶ ሊገለገልባቸው የሚችለው ሕዝብ ግን ጥቂት ነበር።

ተቋማቱ ወደ ሰፈር ለመውረድ መንገድ ያገኙት በ1967 ዓ.ም. በታወጁት ሁለት አዋጆች ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶችን የማስተዳደር ሥልጣን ለከተማ ቀበሌዎች በመሰጠቱ፣ ቀበሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የሆነ የገቢ ምንጭ አገኙ። በዚህ ገቢ፣ በነዋሪው መዋጮና በኅብረት ሱቆች ትርፍ ብዙ ቀበሌዎች የስብሰባ አዳራሽ፣ የመዝናኛ ክበብ፣ የንባብ ክፍልና የኪነት ቡድን አቋቋሙ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ድምፃቸውንና የመድረክ ችሎታቸውን የፈተኑ ወጣቶች ከጊዜ በኋላ በአገሪቱ የሙዚቃና የትያትር መድረክ ላይ ታይተዋል። ሆኖም ቀበሌዎቹ በዚያው ዘመን የቁጥጥር፣ የአፈናና የእስር መሣሪያም ሆነው ስለ ነበር፣ ነዋሪው አዳራሹን በሙሉ ልብ የራሱ ንብረት አድርጎ ይመለከተው ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጉዳዩን ወደ ገጠርም አደረሰው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ የተማረውን እንዳይረሳ በየገበሬ ማኅበሩና በየቀበሌው የንባብ ክፍሎች ተከፈቱ። ችግሩ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። የንባብ ክፍሎቹ በዘመቻ መንፈስ በፍጥነት ቢሠሩም፣ አዲስ መጽሐፍና ጋዜጣ በቋሚነት የሚደርስበት፣ ለጠባቂውም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥርዓት አልተዘረጋላቸውም። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥና ዘመቻው ሲቆም ብዙዎቹ ተዘጉ ወይም ለመጋዘን፣ ለቢሮና ለንግድ አገልግሎት ዋሉ። መጽሐፉ ሲያልቅ አንባቢው ቀረ፤ አንባቢው ሲቀር ቤቱ ለሌላ ጉዳይ ተፈለገ።

2. የሕግና የፖሊሲ መሠረት

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕግ ለዚህ ጉዳይ በቂ መሠረት ይሰጣል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ፣ ኪነ ጥበብንና ስፖርትንም የማስፋፋት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። በ1990 ዓ.ም. የባህል ፖሊሲ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣቶች ፖሊሲ ወጥተዋል። የወጣቶች ፖሊሲው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ዜጎች የሚመለከት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በርካታ የወጣት ማዕከላት በከተሞችና በወረዳዎች ተገንብተዋል።

በከተማ ደረጃም ትልልቅ ሥራዎች ተሠርተዋል። በአዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች፣ አደባባዮችና መጫወቻ ስፍራዎች ተሠርተዋል። በዚሁ ሂደት ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ በመዛወራቸው፣ ለብዙ ዓመታት በሰፈር የቆየ የዕድር፣ የክበብና የቡድን ትስስር እንደ አዲስ መገንባት የሚያስፈልገው ሆኗል። አደባባይና ታላቅ ቤተ መጻሕፍት የከተማውን ነዋሪ በጠቅላላ ያገለግላል፤ በየዕለቱ ከትምህርት በኋላ የሚሄዱበትን የሰፈር ክፍል ግን አይተካም። የ10 ዓመት ልጅ ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ ወደ መሐል ከተማ አይሄድም።

3. የሕንጻ በጀትና የሥራ ማስኬጃ በጀት

ተቋማቱ የሚዳከሙበት ዋና ምክንያት የበጀቱ አከፋፈል ላይ ይገኛል። የወረዳ በጀት ካፒታልና መደበኛ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ካፒታል በጀት ለግንባታና ለትልልቅ ዕቃዎች ግዢ የሚውል ሲሆን፣ መደበኛ በጀት ደመወዝንና የዕለት ተዕለት ወጪን ይሸፍናል። የወረዳ ደረጃ ያልተማከለ አስተዳደር ከተዘረጋበት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች ከክልል የሚያገኙትን የድጎማ በጀት በምክር ቤታቸው እያጸደቁ ለየሴክተሩ የማከፋፈል ሥልጣን አግኝተዋል። ከዚህ በጀት ከፍተኛው ክፍል በመምህራን፣ በጤናና በግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይሸፈናል። ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ የወጣት ማዕከልና የንባብ ክፍል በተራው መጨረሻ ላይ ይገኛሉ።

ከዚህ የተነሣ አንድ የንባብ ክፍል በካፒታል በጀት ወይም በለጋሽ ድርጅት ርዳታ ተሠርቶ ሲመረቅ፣ ለመብራት፣ ለጽዳት፣ ለመጽሐፍ ግዢ፣ ለጥበቃና ለሠራተኛ የሚያስፈልገው ገንዘብ በማንኛውም መሥሪያ ቤት መደበኛ በጀት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ግንባታው ሪፖርት የሚደረግና በዓይን የሚታይ ስለሆነ ትኩረት ያገኛል፤ የዓመት ወጪው ግን ስለማይታይ ይረሳል። ወጪውን ለመሸፈን ሲባል አዳራሹ ለሠርግ፣ ክፍሎቹም ለካፍቴሪያና ለሱቅ ይከራያሉ። ኪራይ በራሱ ነውር አይደለም፤ ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ ለተቋሙ ተመልሶ እስከ ዋለና ዋናውን አገልግሎት እስካላፈናቀለ ድረስ ጠቃሚ ነው። ችግር የሚሆነው ተከራዩ እየሰፋ አንባቢው እየጠበበ ሲሄድ ነው።

ሌላው ምክንያት የአስተዳደር አወቃቀር መለዋወጥ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ቀበሌና ከፍተኛ የነበሩት እርከኖች በ1995 ዓ.ም. ወደ 10 ክፍለ ከተሞች፣ ቀጥሎም ወደ ወረዳዎች ተለውጠዋል። አወቃቀር በተለወጠ ቁጥር በወግ ያልተመዘገበና ርክክብ ያልተደረገበት ንብረት ባለቤት ያጣል። ባለቤት የሌለው የመጽሐፍ መደርደሪያ ደግሞ ብዙ ዕድሜ የለውም።

4. ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

በዚህ ረገድ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ፣ የሕዝባቸው ብዛት 10,000 የደረሰ ከተሞች ምክር ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም እንዲችሉ ፈቀደ። ለዚህም በአንድ ፓውንድ ግምት ላይ ግማሽ ፔኒ ብቻ ግብር እንዲጥሉ ተፈቀደላቸው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ለሕንጻና ለሠራተኛ እንጂ ለመጽሐፍ ግዢ እንዳይውል ሕጉ ከለከለ፤ መጽሐፍ በስጦታ ይገኛል ተብሎ ታስቦ ነበር። መጽሐፍ የማይገዛ ቤተ መጻሕፍት ብዙ እንደማይራመድ ወዲያው በመታየቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 የግብሩ መጠን ወደ አንድ ፔኒ ከፍ ተደርጎ መጽሐፍና ጋዜጣ መግዛት ተፈቀደ። ያም ጣሪያ እስከ 1919 ሳይነሣ ስለ ቆየ፣ ትንንሽ ከተሞች ለብዙ ዓመታት ሕንጻ ኖሯቸው መጽሐፍ ሲቸግራቸው ኖረዋል።

የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው አሜሪካዊው ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ ከዚህ ልምድ ጋር የሚስማማ ደንብ ተከትሏል። ካርኔጊ በተወለደበት በደንፈርምሊን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1883 ከተከፈተው ቤተ መጻሕፍት ጀምሮ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ብቻ 1,689፣ በዓለም ዙሪያ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ ገንዘብ ሰጥቷል። የተለመደው ቅድመ ሁኔታ ቀላል ነበር። ከተማው ቦታውን ይሰጣል፤ ምክር ቤቱም የስጦታውን 10 በመቶ በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ እንደሚመድብ አስቀድሞ ቃል ይገባል። ቃሉን ለመግባት ያልፈለገ ከተማ ሕንጻውን አያገኝም። ደንቡ ወደ ብር ሲመለስ፣ 5 ሚሊዮን ብር የፈጀ የወጣት ማዕከል በዓመት 500,000 ብር የሥራ ማስኬጃ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ለመመደብ የማይችል ወረዳ ከ5 ሚሊዮኑ ሕንጻ ይልቅ በነባር ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አድሶ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ መራጮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ከንብረት ግብር የተወሰነ ድርሻ ለቤተ መጻሕፍት ተለይቶ እንዲቀመጥ በድምፃቸው ወስነዋል። በዚያው ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ያገለገለው ኢትዮጵያዊው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ማስከፈቱና በሐዋሳ አካባቢም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ማስጀመሩ ይታወቃል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ አገልግሎቱ ሁልጊዜ ትልቅ ሕንጻ የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

ይህ ሲባል የሌላው አገር መንገድ እንከን የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ቤተ መጻሕፍት ማቅረብን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ግዴታ ቢያደርግም፣ ከ2010 ወዲህ በተደረገው የበጀት ቅነሳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል ወይም ለበጎ ፈቃደኞች ተላልፈዋል። ሕግ ያለ ገንዘብ፣ ገንዘብም ያለ ተቆርቋሪ ሕዝብ አይጸናም።

5. ዕድር የሚሰጠው ምሳሌ

የጋራ ንብረትን በዘላቂነት የመጠበቅ ዘዴ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በከተማም በገጠርም ዕድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን፣ አንዳንዱም የራሱ አዳራሽ አለው። እነዚህ ዕቃዎች በየለቅሶው እየወጡ እየገቡ ለዓመታት ያገለግላሉ። ምሥጢሩ ሦስት ነገር ነው። አባላቱ በየወሩ ትንሽም ብትሆን ያዋጣሉ፤ ዕቃው በመዝገብ ተቆጥሮ ለአንድ ተጠያቂ ሰው ይሰጣል፤ የጠፋና የተሰበረ ነገር ቢኖር በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይተካል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በአባላት የሚመረጡ በመሆናቸው፣ ሒሳብ ሲጓደል ጠያቂ አይጠፋም።

አንድ የንባብ ክፍልም ከዚህ የተለየ አያያዝ አይፈልግም። ልዩነቱ ዕድር ለሐዘን ሲሆን ሁሉም ግዴታውን የሚያውቅ መሆኑ፣ የንባብ ክፍል ግን የማን እንደ ሆነ በግልጽ ያልተነገረ መሆኑ ነው። ምክር ቤቶች የተቋማቱን አመራር ሲያደራጁ የዕድርን ልምድ ቢከተሉ፣ ሕዝቡ ከሚያውቀው ሥርዓት ጋር ስለሚስማማ ተቀባይነቱ ይጨምራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ቢኖር፣ የነዋሪው መዋጮ የመንግሥትን ድርሻ የሚተካ ሳይሆን የሚያሟላ ብቻ መሆን እንዳለበት ነው። መዋጮ ብቻውን መሠረት ከሆነ የተሻለ ገቢ ያለው ሰፈር የተሻለ የንባብ ክፍል ያገኛል፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰፈር ደግሞ ባዶውን ይቀራል።

6. የድጋፉ አቅጣጫዎች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የአካባቢ ምክር ቤት ድጋፍ የሚከተሉትን ቢያካትት ውጤታማ ይሆናል።

ሀ. ማንኛውም የመዝናኛ ወይም የባህል ተቋም ግንባታ ከመጽደቁ በፊት የየዓመቱ ሥራ ማስኬጃ ወጪ ተሰልቶ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት መደበኛ በጀት እንደሚከፈል በቃለ ጉባኤ ይወሰን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ጥያቄው የበጀት ረቂቅ በሚዘጋጅባቸው ወራት ለምክር ቤቱ መቅረብ ይኖርበታል።

ለ. የኳስ ሜዳዎችና ክፍት ቦታዎች በከተማው ፕላን ላይ ተለይተው ይመዝገቡ፤ የባለቤትነት ማረጋገጫም ይሰጣቸው። ያልተመዘገበ ሜዳ ዛሬ ልጅ ቢጫወትበትም ነገ ግንባታ ሊያርፍበት ይችላል።

ሐ. ተቋሙ የሚከፈትበት ሰዓት ከተጠቃሚው ጊዜ ጋር ይስማማ። በመንግሥት የሥራ ሰዓት ብቻ ተከፍቶ በ11 ሰዓት የሚዘጋ የንባብ ክፍል፣ ተማሪው ከትምህርት፣ ሠራተኛውም ከሥራ በሚመለስበት ጊዜ የተቆለፈ ነው።

መ. የሴቶች፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ተጠቃሚነት ታስቦ ይደራጅ። ኳስ ሜዳና ፑል ብቻ ያለው ማዕከል በተግባር የወንዶች ማዕከል ይሆናል። ልጃገረዶች በቤት ሥራ ስለሚያዙና ሲመሽ ለደኅንነታቸው ስለሚሠጉ፣ የቅዳሜና የእሑድ ቀን ፕሮግራም ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ሠ. ተጠቃሚዎች የመረጡት ኮሚቴ በየሩብ ዓመቱ ገቢውንና ወጪውን፣ የተጠቃሚውንም ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ምክር ቤቱ ሪፖርት ሲቀበል የተገነቡ ክፍሎችን ብዛት ብቻ ሳይሆን በተከፈቱባቸው ቀናት የገባውን ሰው ብዛት ይጠይቅ።

7. የትምህርት ቤትና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ድርሻ

በብዙ ወረዳዎች ከሁሉ የሰፋ ሜዳና ከሁሉ የሚበልጥ የክፍል ብዛት ያለው ተቋም ትምህርት ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በክረምት ወራት ይህ ሁሉ ንብረት ተቆልፎ ይቆያል። ምክር ቤቱ የጥበቃና የጽዳት ወጪውን ሸፍኖ፣ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ደግሞ ደንብ አውጥቶ ግቢው ለአካባቢው ልጆችና ጎልማሶች ቢከፈት፣ አዲስ ሕንጻ ሳይሠራ አገልግሎት ሊገኝ ይችላል። ርእሰ መምህሩ ንብረት ይጠፋል ብሎ መሥጋቱ አግባብ ስለሆነ፣ የኃላፊነቱ ድንበር አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት።

መምህሩም ለዚህ ሥራ መዘጋጀት ይኖርበታል። በትምህርት ቤት የሚቋቋሙ የሥነ ጽሑፍ፣ የድራማ፣ የሙዚቃና የስፖርት ክበባት ተማሪው በኋላ በሰፈሩ ማዕከል የሚሳተፍበትን ልምድ የሚቀስምባቸው ናቸው። ይህም ሆኖ ተጓዳኝ ትምህርት ለመምህሩ ትርፍ ሸክም ተደርጎ ይታያል። በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የሚሰለጥኑ ዕጩዎች በተግባር ልምምዳቸው ወቅት ከማስተማር ጎን ለጎን አንድ ክበብ መምራትን፣ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መመዝገብንና ማዋስን፣ የልጆች የንባብ ሰዓት ማዘጋጀትን ቢለማመዱ፣ ወደተመደቡበት ቀበሌ ሲሄዱ ምክር ቤቱን የሚረዱ ባለሙያዎች ይሆናሉ።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። ይህን ውጤት ከአንድ ምክንያት ጋር ብቻ ማያያዝ ስሕተት ይሆናል። የመምህሩ ብቃት፣ የመጽሐፍ አቅርቦትና የአገሪቱ ሁኔታ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን አምስትና ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጅ ወንበር፣ ብርሃንና ጸጥታ የሚያገኝበት ሌላ ስፍራ ከሌለው፣ የቤት ሥራውን እንዲሠራ መጠየቅ ያለመሣሪያ ሥራ ማዘዝ ነው።

ማጠቃለያ

የሕዝብ መዝናኛና የባህል ተቋማት በኢትዮጵያ በተለያዩ ጊዜያት በብዛት ተከፍተዋል፤ በብዛትም ተዘግተዋል። የተከፈቱት በዘመቻና በግንባታ ፕሮግራም ሲሆን፣ የተዘጉት በአብዛኛው ማንም ዝጉ ብሎ ሳያዝዝ የዓመት ወጪያቸውን የሚሸፍን በመጥፋቱ ነው። ስለዚህ የአካባቢ ምክር ቤት ድጋፍ የሚመዘነው በምረቃው ቀን በተቆረጠው ሪባን ሳይሆን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሩ ክፍት ሆኖ በመገኘቱ ነው። አዲስ ተቋም ለመሥራት የሚያስብ ምክር ቤት በቅድሚያ በክልሉ ውስጥ ተዘግተው የቆሙትን አዳራሾች፣ የንባብ ክፍሎችና ሜዳዎች በመዝገብ ቆጥሮ፣ የትኛው በስንት ብር የዓመት ወጪ እንደገና ሊከፈት እንደሚችል ቢያጠና፣ ሥራውን ከትክክለኛው ስፍራ ይጀምራል።